መኖር ሲከብድ፦ በመምከርና በመመካከር መካከል ያለው ልዩነት

ጥርሱን ያመመው ሰው የት እንደሚሄድ ያውቃል። ወባ የያዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከወንድሙ ጋር በመሬት የተጣላ ሽማግሌ ይልካል። በሃይማኖቱ ጉዳይ ግር ያለው ደግሞ ሼኹን ይጠይቃል። ነገር ግን አካሉ ጤነኛ ሆኖ፣ ከማንም ሳይጣላ፣ ሶላቱንም ሳያቋርጥ፣ «ለመሆኑ እኔ የምኖረው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ እንቅልፍ የነሳው ሰው ወዴት ይሂድ? ማንንስ ያናግር?

ይህን የጥጋብ ጥያቄ አድርገው የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው። «ሥራ ፈት ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ የለም» ይላሉ። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚበረታው ሆድ ሲሞላ ሳይሆን ሰው ተስፋ ያደረገበት ነገር በአንድ ቀን ሲፈርስ ነው። ተማሪ ውጤቱን ባየ ማግስት፣ እናት ለቀስተኛው ተበትኖ ብቻዋን በቀረች ሌሊት፣ ገበሬ ማሳውን ውኃ ሲበላው ይመጣል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ የያዘውን የምክር ዘርፍ ለአንባብያን ያስተዋውቃል። ዘርፉ ለዐዋቂዎችና ለአፍላ ወጣቶች ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደማያደርግም፣ በደቡብ ጎንደር በወረታና በፎገራ ሜዳ ኑሮ ላይ እያመሳከረ ለማስረዳት ይሞክራል።

ፎገራ፦ ውኃው የማይቀርበት ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ወረታን ያገኛታል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለውም ከእርሷ ነው። በከተማይቱ ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ከጉና ተራራ በኩል የሚወርዱት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሐይቅ ሲገቡ የሚያቋርጡት ለጥ ያለ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ይተኛበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ወንዞቹ ሞልተው ሲወጡ ደግሞ ቤት ያፈርሳል፤ ከብት ይወስዳል፤ ሰው ያፈናቅላል።

በዚህ ሜዳ ላይ ውኃ የሚተኛበት መሬት ለእህል የማይመች ተደርጎ ይታይ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጅግናና ሻጋ በተባሉት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሲሞከር ሁኔታው ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ሩዝ ሜዳውን አለበሰው፤ በገበሬው ዘንድ የታወቀው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያች ከጅግና ነው። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ውኃው አልቀረም፤ የተለወጠው ገበሬው ለውኃው የሰጠው መልስ ነው። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የአካባቢው ሰው የሚሸከመው ግን ጎርፍን ብቻ አይደለም። ወጣቱን እንመልከት። ትምህርት ሚኒስቴር በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የ12ኛ ክፍል ውጤት በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከ845,188 ተፈታኞች ይህን ነጥብ ያገኙት 27,267 ወይም 3.2 ከመቶ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ በመጠኑ ቢሻሻልም የብዙኃኑ ዕጣ አልተለወጠም። የአማራ ክልል ልጆች ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ የትምህርት ቤት በር የተዘጋባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ከወረታ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከመተማ ወደ ሱዳን የሚወስደው ጎዳና ለብዙ ወጣት ሁለተኛ የትምህርት ቤት በር መስሎ የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ከዘመድና ከጎረቤት የሚሰጣቸው መልስ ምንድን ነው? «አይዞህ»፣ «ሰብር አድርግ»፣ «ቀደር ነው»፣ «ከአንተ የባሰም አለ»። ንግግሮቹ ሐሰት አይደሉም። የሚናገሩትም ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚነገሩት ተናጋሪውን ከጭንቀት ለማሳረፍ መሆኑ ነው። የሰውን ሐዘን ቁጭ ብሎ ማየት ይከብዳልና ቶሎ ብለን በአንድ ጥሩ ቃል እንከድነዋለን። የተከደነበት ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ስላለም የተጽናና ይመስለናል።

ይህ ምክር ከወዴት መጣ?

በእንግሊዝኛው አጠራር ኤግዚስቴንሻል ካውንስሊንግ የሚባለውን እኛ ህልውና ተኮር ምክር ብንለው ያስኬዳል። መነሻው ሰው መሆን በራሱ ይዞት የሚመጣው ፈተና አለ፤ ፈተናው ሁሉ በሽታ አይደለም የሚል ነው።

በዚህ ዘርፍ ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው ዶክተር ቪክቶር ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ1905 በቪየና የተወለዱ የአእምሮ ሐኪም ናቸው። በ1920ዎቹ ማብቂያ፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ በከተማቸው ለወጣቶች ነጻ የምክር ጣቢያዎችን አደራጅተው ነበር። ልዩ ትኩረት የሰጡት ተማሪዎች የውጤት ካርድ ለሚቀበሉበት ሰሞን ነበር። በውጤት ምክንያት ተስፋ የቆረጠ ልጅ በራሱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ የሚያናግረው ሰው ማግኘት አለበት ብለው አምነዋልና። የቪየናው የካርድ ሰሞንና የእኛ አገር የ12ኛ ክፍል ውጤት ሰሞን ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ፍራንክል አይሁዳዊ በመሆናቸው በ1942 ከወላጆቻቸውና ከባለቤታቸው ጋር ወደ ናዚ ማጎሪያ ተጋዙ። አባታቸው፣ እናታቸው፣ ወንድማቸውና ባለቤታቸው አለቁ። እርሳቸው በ1945 ነጻ ወጥተው በዓመቱ ያሳተሙት መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ተነበበ። የትምህርታቸው ፍሬ ነገር ሰው የሕይወቱን ትርጉም በሦስት መንገድ ያገኛል የሚል ነው። አንደኛው በሚሠራው ሥራ፣ ሁለተኛው በሚወደው ሰውና በሚያየው መልካም ነገር፣ ሦስተኛው ደግሞ ሊያስቀረው የማይችለውን መከራ በሚቀበልበት ሁኔታ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ሥራ ማንም ሰው የማያመልጣቸውን አራት ጉዳዮች ዘረዘሩ። እነርሱም ሞት፣ ነጻነትና የሚያስከትለው ኃላፊነት፣ ማንም ሊጋራን የማይችለው ብቸኝነት፣ እንዲሁም ትርጉም ማጣት ናቸው። በለንደን የሚያስተምሩት የሆላንድ ተወላጅ ኤሚ ቫን ዶርዘን ደግሞ አማካሪው ሰውን በአራት ዓለም ውስጥ እንዲያየው ያስተምራሉ። የመጀመሪያው የአካልና የተፈጥሮ ዓለም ነው፤ መሬቱ፣ ጤናው፣ ጎርፉ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ከሰው ጋር ያለው ኑሮ፣ ሦስተኛው ሰው ከራሱ ጋር ያለው ግንኙነት፣ አራተኛው የእምነቱና የዓላማው ዓለም ነው። አማካሪው ሰውየውን ሲያናግር ችግሩ በየትኛው ዓለም እንደተነሣ፣ የትኛውንስ እንዳናጋ ይመረምራል። ጎርፍ የመጀመሪያውን ዓለም ይመታል፤ ዕዳው ሁለተኛውን ያናጋል፤ ዕፍረቱ ሦስተኛውን፤ «አላህ ረሳኝ» የሚለው ሐሳብ አራተኛውን።

የቋንቋችንን ብልሃት እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። «መከረ» ስንል አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው አድማጭ ነው። «ተመካከረ» ስንል ግን ሁለቱም ያስባሉ፤ ሁለቱም ይናገራሉ። ህልውና ተኮር የሆነው ዘዴ ከመምከር ይልቅ ወደ መመካከር ያጋድላል። አማካሪው መልስ ይዞ አይመጣም። ጥያቄው የሰውየው ነው፤ መልሱም የእርሱ ካልሆነ አይጸናም።

ከዐዋቂ ሰው ጋር

አካሄዱን ለማስረዳት ያህል የፈጠርናቸውን ምሳሌዎች እንውሰድ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ የፎገራ ገበሬ አሉ እንበል። ልጃቸው በመተማ በኩል ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁ አልተሰማም። ለደላላው የተከፈለው ገንዘብ የተገኘው እርሳቸው አንዱን የፎገራ በሬያቸውን ሸጠው ነው። ሞቷል ብለው እንዳያለቅሱ ወሬው አልመጣም፤ አለ ብለው እንዳይጠብቁ ዘመኑ ረዘመ። ሌሊት እየተነሡ በረት ውስጥ ይቀመጣሉ።

ጎረቤት «ጥፋትዎ አይደለም» ይላቸዋል። እርሳቸው ግን በሬውን የሸጠው እጅ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ ማጽናኛው አይደርሳቸውም። በዚህ ዘዴ የሠለጠነ አማካሪ ጥፋተኝነታቸውን ቶሎ ለመሻር አይቸኩልም፤ ከእርሳቸው ጋር ሆኖ ያበጥረዋል እንጂ።

«አባቴ፣ በሬውን ሲሸጡ ምን አስበው ነበር?»

«ልጁ ሰው ይሆናል ብዬ።»

«ደላላው የሚያደርገውን ያውቁ ነበር?»

«ማን ያውቃል!»

«እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእርስዎ የሆነው የቱ ነው? የእርስዎ ያልሆነውስ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ሰውየው ዓመታት ሙሉ አንድ አድርገው የተሸከሙትን ሸክም ለሁለት ይከፍለዋል። የደላላው ተንኮል የእርሳቸው አይደለም። በረሃውም የእርሳቸው አይደለም። በሬውን መሸጣቸው ግን የእርሳቸው ነው፤ ይህን ማንም ሊወስድላቸው አይገባም። ቀጥሎ አማካሪው «ይህ የእርስዎ የሆነው ድርሻ ዛሬ ምን ያሠራዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ምናልባት ሰውየው በገበያ ቀን ልጁን ለመላክ በሬ ሊሸጥ የመጣ ሌላ አባት ያገኙ ይሆናል። የእርሳቸው አንድ ንግግር ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ጸጸታቸው አልጠፋም፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ሥራ አለው።

በቁርኣን የተተረከውን የነቢዩ ያዕቁብን (ዐ.ሰ.) ታሪክ እናስታውስ። ዩሱፍን አጥተው ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል። ልጆቻቸው ሐዘኑን እንዲተዉ ሲወተውቷቸው ምሬታቸውን ለጌታቸው እንደሚያሰሙ ነገሯቸው። በዚያው አንደበት ደግሞ ልጆቻቸውን ሄደው ወንድማቸውን እንዲፈልጉ ላኩ። ሐዘንና ሥራ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖሩ። ሰብር ማለት አለማልቀስ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ለትዕግሥት ምሳሌ ባልሆነ ነበር።

ከአፍላ ወጣት ጋር

የዐዋቂ ሰው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ያለፈውን ይመለከታል። የወጣቱ ግን ገና ያልመጣውን ነው። ዐዋቂው «የኖርሁት ምን ፈየደ?» ሲል፣ ወጣቱ «ማን ልሆን ነው?» ይላል። ስለዚህ አካሄዱም ይለያል። አፍላ ወጣት ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ለዓይን እየተያየ ውስጡን ይናገራል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። አብሮ መንገድ በመሄድ፣ አብሮ ሥራ በመሥራት መካከል ይከፈታል። ንግግሩ አጭር መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ የተናገረው ነገር ለአባቱ እንደማይደርስ፣ ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ሲገኝ ግን ለቤተሰቡ መነገሩ እንደማይቀር፣ አስቀድሞ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እንውሰድ። ሐኪም ይሆናል ተብሎ በሰፈሩ ሲጠበቅ ውጤት አልመጣለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አይወጣም፤ ዘመድ ሲመጣ ጓሮ ይገባል። ዘዴውን የሚያውቅ አማካሪ «በሚቀጥለው ዓመት ታልፋለህ» አይለውም፤ ስለማያውቅ። እንዲህ ሊለው ግን ይችላል።

«ውጤቱ ምን አለህ?»

«አትረባም አለኝ።»

«ፈተናው ላይ የነበሩት ጥያቄዎች የሒሳብና የፊዚክስ፣ የባዮሎጂና የእንግሊዝኛ መስለውኝ። ‹ትረባለህ ወይስ አትረባም?› የሚለው ተራ ቁጥር ስንት ላይ ነበር?»

ልጁ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ላይልም ይችላል። ነገር ግን ነጥቡ ደርሶታል። ፈተናው ስለ ትምህርቱ አንድ ነገር ተናግሯል፤ ስለ ሰውነቱ ፍርድ የሰጠው ግን ራሱና አካባቢው ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ አማካሪው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ የፈረሰውን ሕልም ያከብርለታል፤ ሐኪም ለመሆን አሥራ ሁለት ዓመት የለፋ ልጅ አዝኖ ቢሰነብት ተገቢ ነውና። ሁለተኛ «ሐኪም መሆኑን የመረጥኸው አንተ ነህ ወይስ ተመርጦልህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሕልሙ የራሱ ከሆነ እንደገና መፈተንም፣ በጤናው መስክ በሌላ በር መግባትም አለ። የአባቱ ከሆነ ግን ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል። በወረታ ያለው የግብርና ኮሌጅ፣ ንግዱ፣ የሩዝ ማሳው፣ እንደገና መፈተኑ ሁሉም በፊቱ ይቀርባሉ። አማካሪው አይመርጥለትም። «ገበሬነት ምን አለው? እርሱን ያዝ» ብሎ ቢያሰናብተው አንዱን የሰው ሕልም በሌላ የሰው ሕልም ተካ እንጂ አልረዳውም።

እዚህ ላይ ፍራንክል በ1930ዎቹ ሥራ ካጡ የቪየና ወጣቶች ያዩት ነገር ይጠቅመናል። ወጣቶቹ ሥራ ማጣትን ከማይረባ ሰውነት ጋር፣ ይህንንም ከትርጉም የለሽ ኑሮ ጋር አገናኝተውት ነበር። ሐኪሙ በቤተ መጻሕፍትና በወጣት ማኅበራት በነጻ እንዲያገለግሉ ባደረጓቸው ጊዜ ሆዳቸው እንደተራበ ቢሆንም መንፈሳቸው ቀና አለ። ከዚህ የምንማረው ወጣቱን በነጻ ማሠራት ይበቃል የሚል አይደለም። እንጀራ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከእንጀራው ሌላ የሚጠብቀው ሰው፣ እርሱ ባይኖር የሚጎድል ነገር ያስፈልገዋል። ለታናሽ እኅቱ ፊደል የሚያስቆጥር፣ መድረሳ ውስጥ ለሕፃናት ሒሳብ የሚያስረዳ፣ ነሐሴ ላይ የአቅመ ደካማ ጎረቤቱን ሩዝ የሚያርም ልጅ «አልረባም» ለማለት ይከብደዋል።

መጠየቅ ከኢማን መጉደል ነውን?

ምናልባት አንዳንድ አንባብያን «ይህ ፍልስፍና እምነት የለሽ ከሆኑ አውሮፓውያን የመጣ አይደለምን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ጎራ ከሚጠቀሱት ፈላስፎች መካከል ፈረንሳዊው ሳርትር ፈጣሪን የካደ ነበር። ይሁንና የጎራው አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ዴንማርካዊው ኪርክጎር አማኝ ነበር። ፍራንክልም እምነትን የሰው ልጅ ጥልቅ ክፍል አድርገው ነው የተመለከቱት። ስለዚህ ዘዴው መጠየቂያ ነው፤ መልሱን የሚያመጣው ጠያቂው የቆመበት እምነት ነው።

እኛም ዘንድ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ጌታቸው ሙታንን እንዴት እንደሚያስነሣ እንዲያሳያቸው ጠይቀዋል፤ ስላላመኑ ሳይሆን ልባቸው እንዲረጋ። ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1091 በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ ሲሾሙ በዘመኑ ከነበሩት ዓሊሞች እጅግ የተከበሩት ነበሩ። በ1095 ግን «የማስተምረው ለአላህ ነው ወይስ ለክብሬ?» የሚለው ጥያቄ ያዛቸው። ምላሳቸው ታሰረ፤ ማስተማር አልቻሉም፤ ምግብ አልወርድ አላቸው። የባግዳድ ሐኪሞች መርምረው ችግሩ ከልብ የመነጨ መሆኑንና ልብ ካላረፈ መድኃኒት እንደማያድነው ተናገሩ። ኢማሙ ሹመታቸውን ትተው ወደ ደማስቆ፣ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሐጅ ተጓዙ፤ ወደ ማስተማር የተመለሱት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ራሳቸው ጽፈው ትተውልናል። እንዲህ ያለ ዓሊም የደረሰበት ነገር በወረታ ልጅ ላይ ቢደርስ «ኢማኑ ደክሞ ነው» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው።

ምክር የሚበቃበትና የማይበቃበት

በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ደኅንነት በጻፉት ሥራ ሐዘንን በሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘን ሲሆን በንግግርና በሐሳብ ይታከማል። ሁለተኛው ምክንያቱ የማይታወቅ ነው፤ መነሻውን ከአካል አድርገው ለእርሱ የአካል ሕክምና አዝዘዋል። ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ድንበር ዛሬም ይሠራል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የተወ፣ ያለ ምክንያት የሚጠራጠር ሰው የሚያስፈልገው ስለ ሕይወት ትርጉም መወያየት ሳይሆን ሐኪም ነው። ዱዓውም ሩቅያውም ሕክምናውን አይከለክሉም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው በራሱ ላይ ጉዳት ለማድረስ የሚያስብ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ይህ ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙ ሰው «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። ይህ ስሕተት ነው። በቀጥታና በርኅራኄ «ስለ መሞት ታስባለህን?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ የተደበቀውን ያወጣዋል። መልሱ «አዎን» ከሆነ ብቻውን አለመተው፣ የተባይና የአረም መድኃኒትን የመሰለ አደገኛ ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ሌላም ድንበር አለ። ፍራንክል ራሳቸው ትርጉም የሚፈለግለት መከራ ሊወገድ የማይችለው ነው፤ ሊወገድ የሚችለውን መሸከም ጀግንነት አይደለም ብለው አስጠንቅቀዋል። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የተባለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለመከራዋ ትርጉም እንድታገኝ መርዳት በደል ነው። የሚያስፈልጋት ጋብቻው እንዲቀር ነው፤ የአገሪቱ ሕግም ከ18 ዓመት በታች መዳርን ይከለክላል። ጎርፍ በየዓመቱ የሚያፈናቅለው ገበሬም ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን የወንዝ ዳር ግድብና የውኃ መውረጃ ያሻዋል። አማካሪው ይህን ሳይለይ ቀርቶ ሁሉን «በውስጥህ ፍታው» ካለ፣ ለበደለኛ ጠበቃ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ለረጅም ዘመን የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉት ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ፤ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም በ2005 ዓ.ም. ወጥቷል። ሆኖም በህልውና ተኮር ዘዴ የሠለጠነ አማካሪ በየወረዳው እስኪመጣ መጠበቅ ዕድሜ ይጨርሳል።

በዚምባብዌ የሆነውን እንመልከት። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ ጥቂት አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሐሳብ የበዛበት ሰው እየመጣ ከአንዷ አያት ጋር ይነጋገራል። እርሷ ችግሩን ራሱ እየመረመረ የሚቻለውን እርምጃ እንዲመርጥ ትረዳዋለች። ዘዴው ከህልውና ተኮሩ ምክር ጋር አንድ ባይሆንም መመካከሩ አንድ ነው። በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የታገዙት ሰዎች ጭንቀትና ድብርት በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል።

ወረታ ለዚህ የሚሆን ነገር አላት። መስጊድ አላት፤ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ዕድርና ሽማግሌ አላት፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይውላል፤ በለቅሶም ይደራረሳል። የጎደለው ሳይፈርዱ የመስማት ልማድ ነው። ሽማግሌው የለመደው መፍረድ ነው፤ ኡስታዙ የለመደው ማስተማር ነው፤ ወላጅ የለመደው ማዘዝ ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ከእነርሱ ጋር ግን በየመስጊዱ ጀመዓ፣ በየዕድሩና በየትምህርት ቤቱ፣ ምስጢር የሚጠብቁ፣ የሚሰሙና ከዐቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም የሚልኩ ሁለት ሦስት ወንዶችና ሴቶች ተመርጠው በባለሙያ ቢሠለጥኑ ወጪው ከአንድ ድግስ አይበልጥም። ሥራቸው በተለይ የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞንና ጎርፉ በሚሸሽበት በመስከረም ቢበረታ ብዙ ነፍስ ያድናል።

ወላጅም ከዛሬ ጀምሮ የሚያደርገው አለ። ልጁ ጓሮ ሲገባ ተከትሎት ገብቶ፣ ምክሩን ለጊዜው ውጦ፣ «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ እስኪመጣም ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። መልሱ ቢዘገይም አይነሣ።

የፎገራ ገበሬ ውኃውን «ለምን መጣህ?» ብሎ ሲከራከር አልኖረም፤ «ውኃው ተኝቷል፤ ታዲያ ምን ልዝራበት?» ብሎ ጠየቀ። ሩዝን ያገኘው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። ጥያቄውንም ብቻውን አልመለሰውም፤ ዘሩን ያመጣለት፣ አብሮት የሞከረም ሰው ነበረ። ልቡን ውኃ የተኛበት ሰው የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ውኃው የለም የሚለው ሰው አይጠቅመውም፤ ውኃው እስኪሸሽ ታገሥ ብሎ የሚሄድም አይበቃውም። አብሮት ከዳር ተቀምጦ «ምን እንዝራበት?» የሚለው ሰው ይሻዋል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።